በሕክምና ምስል መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙ ብልጭታ ሰጪ ክሪስታሎች፤ አሠራራቸው፣ መሻሻላቸውና ለሳይንስ ትምህርት የሚሰጡት ጥቅም

መግቢያ

ከበቆጂ ከተማ ተነሥቶ በአሰላ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በአንገቱ ላይ እብጠት የታየበት ወይም በሌላ የአካል ክፍሉ ዕጢ አለ ተብሎ የተጠረጠረ የአርሲ ደጋ ነዋሪ የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ሲታዘዝለት ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከአንድ መሣሪያ ሥር ይተኛል። መሣሪያው ግዙፍ ነው፤ ብረቱ፣ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ዐይን ይሞላል። ይሁን እንጂ ከሕመምተኛው ሰውነት የሚወጣውን ጨረር በመጀመሪያ የሚቀበለው ብረቱም ኮምፒዩተሩም አይደለም። የሚቀበለው ከውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ደኅና ካልሆነ የመንገዱ ድካም፣ የወጣው ገንዘብና ወደ ሕመምተኛው ሰውነት የገባው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ክሪስታል «ሲንቲሌተር» ይባላል፤ በአማርኛ «ብልጭታ ሰጪ ቁስ» ቢባል ተግባሩን በሚገባ ይገልጸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብልጭታ ሰጪ ቁሶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ካለፉት ሰባ ዓመታት በላይ እንዴት እንደተሻሻሉና በመሻሻላቸው ለምን ማብቂያ እንዳልተገኘለት ለሳይንስ መምህራን ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ መልካም ባሕርያትን ሁሉ በአንድነት የያዘ ክሪስታል እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንዱን ባሕርይ ለማሻሻል ሌላውን መሥዋዕት ማድረግ ግድ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህም «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ «ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ቦታ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

1. ብልጭታ ሰጪ ቁስ ምንድን ነው?

የጀርመኑ የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 በጨለማ ክፍል ውስጥ ምርምር ሲያካሂድ፣ ባሪየም ፕላቲኖሳያናይድ የተባለ ውሁድ የተቀባ ሰሌዳ ከርቀት ሲያበራ አየ። በመካከሉ ዐይን የሚያየው ምንም ነገር አልነበረም። ዛሬ በሕዝቡ ዘንድ «ራጅ» ተብሎ የሚጠራው ጨረር የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ጨረሩ ለሰው ልጅ በመጀመሪያ የተገለጠው በብልጭታ ሰጪ ቁስ አማካይነት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ ቁሶች ጨረር ሲያርፍባቸው የተቀበሉትን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ብልጭታ ሰጪ ቁስ ግን ከተቀበለው ጉልበት ከፊሉን በሚታይ ወይም ለሚታይ በቀረበ ብርሃን መልክ መልሶ ይሰጣል። ብርሃን ደግሞ በፎቶግራፍ ፊልም ሊቀረጽ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያም ሊለካና ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው።

ይህ ነገር ከአርሲ ሰው ሕይወት የራቀ አይደለም። በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ ለሳንባ ምርመራ ራጅ የተነሣ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በብልጭታ ሰጪ ቁስ ተገልግሏል። ፊልሙ ራሱ የሚይዘው ጨረር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ጨረሩን ወደ ብርሃን በሚለውጡ ሁለት ሰሌዳዎች መካከል ይቀመጥ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1896 ለዚህ ተግባር የሚስማማ ሆኖ ያገኘው ካልሲየም ተንግስቴት ለሰባ ዓመታትና ከዚያም በላይ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጋዶሊኒየም ያለባቸው ሰሌዳዎች ሲተኩት፣ ያንኑ ምስል በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ጨረር ማንሣት ተቻለ። ፊልም በማይፈልጉት የዛሬ መሣሪያዎች ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀጭን መርፌ ጎን ለጎን የበቀሉ የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ መርፌ ብርሃኑን ወደ ጎን ሳያባክን ወደ ፊት ስለሚመራው ምስሉ አይደበዝዝም። እንግዲህ የክሪስታል መሻሻል ማለት ለሕመምተኛው አነስተኛ ጨረር፣ ለሐኪሙም የጠራ ምስል ማለት ነው።

2. የጨው ዘመድ የሆነው ክሪስታል

በኑክሌር ሕክምና ረጅም አገልግሎት የሰጠው ክሪስታል ሶዲየም አዮዳይድ ነው። ይህ ውሁድ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ በጨው ውስጥ ክሎሪን የያዘውን ቦታ አዮዲን ይዞታል። አሜሪካዊው ሮበርት ሆፍስታተር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳወቀው ግኝት፣ በሶዲየም አዮዳይድ ላይ እጅግ ጥቂት ታሊየም ቢጨመር ጨረር ሲያርፍበት ደማቅ ብልጭታ እንደሚሰጥ አረጋገጠ። የታሊየሙ መጠን ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ጥቂት እርሾ ብዙውን ሊጥ እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ይህም ጥቂት ባዕድ ንጥረ ነገር የክሪስታሉን ባሕርይ ፈጽሞ ይለውጠዋል።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጋማ ጨረር ወደ ክሪስታሉ ሲገባ ከአንድ አቶም ኤሌክትሮን መትቶ ያስወጣል። ይህ ፈጣን ኤሌክትሮን በመንገዱ ላይ ሌሎች ብዙ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያነሣል። ከቦታቸው የተነሡት ኤሌክትሮኖችና ጥለዋቸው የሄዱት ባዶ ቦታዎች በክሪስታሉ ውስጥ ሲንከራተቱ ቆይተው የታሊየም አዮኖች ዘንድ ይገናኛሉ። በመገናኘታቸውም የያዙት ጉልበት ሰማያዊና ወይን ጠጅ መልክ ባለው ብርሃን ይወጣል። ታሊየም ባይኖር ኖሮ፣ በተለመደው የክፍል ሙቀት አብዛኛው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ በጠፋ ነበር።

የብርሃኑ መጠን በስሌት ሊታወቅ ይችላል። ሶዲየም አዮዳይድ ለእያንዳንዱ 1000 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 38,000 ያህል የብርሃን ፎቶኖችን ይሰጣል። በኑክሌር ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው ቴክኒሺየም-99ኤም የሚያመነጨው ጋማ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። ስለዚህ አንድ ጋማ ክሪስታሉ ውስጥ ሲቀር 5,300 ያህል ፎቶኖች ይወጣሉ ማለት ነው። ይህ በዐይን ለማየት ከቶ የማይበቃ ብርሃን ነው። ከክሪስታሉ በስተኋላ የተደረደሩት ብርሃን አባዥ ቱቦዎች ግን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው አንዱን ወደ ሚሊዮን ያህል ያበዙታል።

ሃል አንገር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረበው ጋማ ካሜራ፣ ከአንድ ሰፊ ክሪስታል በስተኋላ ብዙ ቱቦዎችን ደረደረ። ብልጭታው የደረሰበትን ቦታ ለማወቅ ከየቱቦዎቹ የተገኘው ብርሃን ይመዛዘናል፤ ብዙ ብርሃን ያገኘው ቱቦ ለብልጭታው ቅርብ ነው። ከክሪስታሉ በፊት ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳ የእርሳስ ሰሌዳ ይቀመጣል። ወንፊቱ በቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ብቻ ያሳልፋል፤ በሰያፍ የሚመጣውን ያስቀራል። በዚህ ዓይነት ከሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ የት እንደተከማቸ ነጥብ በነጥብ ይሣላል።

እዚህ ላይ ለአርሲ ደጋ ተማሪ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ። ዝናብ ለዘመናት ባጠበው የደጋ አፈር ውስጥ አዮዲን ያንሳል፤ ከዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። በአንገት ላይ የሚገኘው ታይሮይድ ዕጢ የሚያስፈልገውን አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ ይህም እንቅርት የሚባለው ሕመም ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሞች የታይሮይድን ሥራ ለመመርመር፣ ዕጢው በተፈጥሮው አዮዲንን የሚሰበስብ መሆኑን በመጠቀም፣ ጥቂት ጨረር አመንጪ አዮዲን ወይም እንደ አዮዲን ሆኖ ወደ ዕጢው የሚገባ ቴክኒሺየም ይሰጣሉ። ከዕጢው የሚወጣውን ጨረር የሚቀበለውም አዮዲን ያለበት ክሪስታል ነው። በአፈር ውስጥ ሲታጣ ሰውን የሚያሳምም ንጥረ ነገር በክሪስታል ውስጥ ሲገኝ ሕመሙን የሚያሳይ ሆነ ማለት ነው።

3. የጥሩ ክሪስታል መመዘኛዎች

ብልጭታ ሰጪ ክሪስታል በአራት ዋና ዋና ነጥቦች ይመዘናል።

ሀ) ጨረርን የማስቀረት ችሎታ። ጨረሩ ክሪስታሉን አልፎ ከሄደ ምንም ብልጭታ አይገኝም። ይህ ችሎታ የሚወሰነው በክሪስታሉ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ በሚገኘው መጠነ ቁስ፣ እንዲሁም በአቶሞቹ ክብደት ነው። 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሶዲየም አዮዳይድ ከቴክኒሺየም ከሚመጡት 10 ጋማዎች 9 ያህሉን ያስቀራል። ጉልበቱ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ ጨረር ግን ከ10 ሦስቱን እንኳ በቅጡ አያስቀርም።

ለ) የብርሃን ብዛት። ብዙ ፎቶን የሚሰጥ ክሪስታል የጨረሩን ጉልበት በትክክል ለመለካት ያስችላል። በሰውነት ውስጥ ተጋጭቶ አቅጣጫውን የለወጠ ጋማ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ በትክክል የሚለካ መሣሪያ ይህን አሳሳች ጨረር ለይቶ ያስወጣዋል።

ሐ) ፍጥነት። ብልጭታው ቶሎ በርቶ ቶሎ መጥፋት አለበት። አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ከበራ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ፍጥነት የሚለካው በናኖ ሴኮንድ ሲሆን፣ አንድ ናኖ ሴኮንድ የአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሶዲየም አዮዳይድ ብልጭታ 230 ናኖ ሴኮንድ ያህል ይቆያል።

መ) ጽናትና ዋጋ። ክሪስታሉ እርጥበትን፣ የሙቀት መለዋወጥንና መናወጥን መቻል አለበት። በተጨማሪም በብዛትና በተመጣጣኝ ወጪ ሊመረት ይገባል።

4. የመሻሻል ታሪክና የእያንዳንዱ መሻሻል ዋጋ

ክሪስታልን የማሻሻል ጥረት እጅግ የተጠናከረው ፔት ከሚባለው የምርመራ ዘዴ ጋር ነው። በዚህ ዘዴ ለሕመምተኛው የሚሰጠው መድኃኒት ፖዚትሮን ያመነጫል። ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በምትካቸው እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው ሁለት ጋማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ሕመምተኛውን እንደ ቀለበት የከበቡት ክሪስታሎች ሁለቱን ጋማዎች በአንድ ጊዜ ሲቀበሉ፣ መነሻቸው ሁለቱን ክሪስታሎች በሚያገናኘው መስመር ላይ እንደሆነ ይታወቃል። እንግዲህ ለፔት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ከባድ ጨረርን የሚያስቀር ክሪስታል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቢስመት ጀርማኔት፣ ባጭሩ ቢ.ጂ.ኦ.፣ ብልጭታ ሰጪ መሆኑን አሳወቁ። የሶዲየም አዮዳይድ እፍግታ 3.67 ሲሆን የቢ.ጂ.ኦ. 7.13 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቢ.ጂ.ኦ. ከ511ዎቹ ጋማዎች ከ100 ወደ 60 ያስቀራል። በተጨማሪም እርጥበት አይፈራም። የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም፤ የሚሰጠው ብርሃን ከሶዲየም አዮዳይድ ሩብ ያህል እንኳ አይደርስም፤ ብልጭታውም 300 ናኖ ሴኮንድ ስለሚቆይ ዝግተኛ ነው።

ወደ 1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ቻርልስ መልቸር ሉቴሲየም ኦርቶሲሊኬት የተባለውን፣ ባጭሩ ኤል.ኤስ.ኦ.፣ ከሴሪየም ጋር አዋሕዶ አገኘ። መልቸር የሚሠራው በሆስፒታል ሳይሆን ለነዳጅ ፍለጋ በተቋቋመ ላቦራቶሪ ነበር፤ የነዳጅ ጉድጓድ ፈላጊዎችም ዐለትን የሚመረምሩት በብልጭታ ሰጪ ክሪስታል ነውና። ኤል.ኤስ.ኦ. እፍግታው 7.4 ሆኖ ከቢ.ጂ.ኦ. ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ ብልጭታውም በ40 ናኖ ሴኮንድ ያበቃል። ሆኖም የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በመሆኑ፣ ማቅለጫው ኢሪዲየም ከሚባለው እጅግ ውድ ብረት መሠራት አለበት። ሶዲየም አዮዳይድ የሚቀልጠው በ661 ዲግሪ መሆኑን ያስተዋለ ሰው የወጪውን ልዩነት ይረዳል። ከዚህም ሌላ ከተፈጥሮ ሉቴሲየም 2.6 በመቶ ያህሉ ራሱ ጨረር አመንጪ ስለሆነ ክሪስታሉ ለራሱም ብልጭ ይላል። ሁለት ጋማዎችን በአንድነት ለሚጠብቀው ፔት ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ነጠላ ጋማ ለሚቆጥር መሣሪያ ግን እንቅፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የኔዘርላንድና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሴሪየም ያለበትን ላንታነም ብሮማይድ አስተዋወቁ። ብርሃኑ ከ60,000 ፎቶን በላይ፣ ፍጥነቱ 16 ናኖ ሴኮንድ ነው፤ ጉልበትንም ከሶዲየም አዮዳይድ በእጥፍ በሚበልጥ ጥራት ይለካል። ነገር ግን እርጥበትን አጥብቆ የሚስብና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች አዲስ ውሁድ ከመፈለግ ባሻገር በነባሮቹ ላይ ሁለተኛ ባዕድ ንጥረ ነገር በመጨመር ያሻሽሏቸዋል። ለምሳሌ ያህል በኤል.ኤስ.ኦ. ላይ ጥቂት ካልሲየም ቢጨመር ብልጭታው ወደ 30 ናኖ ሴኮንድ ያጥራል። ምክንያቱም በክሪስታሉ ውስጥ ያሉ ጉድለቶች ኤሌክትሮኖችን እየያዙ ያዘገዩ ነበር፤ ካልሲየሙ ይህን መዘግየት ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ከፈሳሽ ውስጥ የሚዘጋጁ፣ ፔሮቭስካይት የሚባል አቀማመጥ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች የብዙ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል። ውድ ማቅለጫ አለመፈለጋቸው ተስፋ ይሰጣል፤ በብዙዎቹ ውስጥ መርዛማው እርሳስ መኖሩና ሳይበላሹ ለረጅም ጊዜ አለመቆየታቸው ደግሞ ገና መፍትሔ ይሻል።

ነባሩ ቢ.ጂ.ኦ. እንኳ ጨርሶ አልተጣለም። ዋጋው ከኤል.ኤስ.ኦ. ስለሚያንስ፣ የሰውን አካል በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያዩ ረጃጅም የፔት መሣሪያዎችን በአነስተኛ ወጪ ለመሥራት ዛሬ እንደገና እየተጠና ነው። ያረጀ የመሰለ ቁስ ለአዲስ ሥራ ተፈላጊ ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

5. ፍጥነት ለምን ይጠቅማል? የሁለቱ ሯጮች ምሳሌ

በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ምድር ናት። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ እያንዳንዳቸው በ5,000ና በ10,000 ሜትር ባሸነፉ ጊዜ የሴኮንድ ትርጉም ምን እንደሆነ የበቆጂ ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር። የክሪስታልን ፍጥነት ጥቅም ለማስረዳትም ከሩጫ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

100 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥተኛ መስመር ይታሰብ። በሁለቱ ጫፎች ሰዓት የያዙ ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። በመስመሩ ላይ ከማይታወቅ ቦታ ሁለት እኩል ፍጥነት ያላቸው ሯጮች ጀርባ ለጀርባ ተነሥተው በሴኮንድ 5 ሜትር እየሮጡ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳሉ። የቀኙ በ8ኛው ሴኮንድ፣ የግራው በ12ኛው ሴኮንድ ደረሰ። የጊዜው ልዩነት 4 ሴኮንድ ነው። ይህን በፍጥነቱ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል፣ ሯጮቹ የተነሡት ከመካከሉ 10 ሜትር ወደ ቀኝ ከሆነ ቦታ መሆኑ ይታወቃል። ሰዓቶቹ የ1 ሴኮንድ ስሕተት ቢኖርባቸው ግን የመነሻው ቦታ በ2 ሜትር ተኩል ይሳሳታል።

በፔት መሣሪያ ውስጥ ሯጮቹ ሁለቱ ጋማዎች ናቸው፤ ፍጥነታቸውም የብርሃን ፍጥነት በመሆኑ በአንድ ናኖ ሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛሉ። ክሪስታሉ በ3 ናኖ ሴኮንድ የሚሳሳት ከሆነ የመነሻው ቦታ በ45 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል፤ ይህ ከሰው ደረት ስፋት ስለሚበልጥ ምንም አይጠቅምም። ስሕተቱ ወደ 0.2 ናኖ ሴኮንድ ሲወርድ ግን ቦታው በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይለያል። አንዳንድ የዛሬ መሣሪያዎች ከዚህ ደረጃ ደርሰዋል። ውጤቱም ያንኑ ምስል ባነሰ መድኃኒት ወይም ባጠረ ጊዜ ለማግኘት መቻል ነው። ሕመም እያሠቃየው ሳይንቀሳቀስ መተኛት ለሚገባው ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነው።

6. የክሪስታል ጽናትና የአገራችን ሁኔታ

በውጭ አገር ላቦራቶሪ የላቀ ውጤት ያስመዘገበ ክሪስታል በደጋማ አገር ሆስፒታል ያንኑ ውጤት ይሰጣል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የእርጥበት ጉዳይ አለ። ክረምት ሲገባ በበቆጂ ማጀት ውስጥ ክዳን ያልተገጠመለት ጨው እንደሚረጥብ የማያውቅ የለም። ሶዲየም አዮዳይድ ከገበታ ጨው እጅግ የባሰ እርጥበት ይስባል። ማሸጊያው ጥቂት ቢያፈተልክ ክሪስታሉ ይቢጫል፤ ብርሃኑም እዚያው ይታፈናል።

ሁለተኛው የሙቀት መለዋወጥ ነው። ሰፊ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥቂት ዲግሪ በላይ ሙቀቱ ከተለወጠ ሊሰነጠቅ ይችላል። የአርሲ ደጋ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው። መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ሙቀት መቆጣጠሪያ ቢቆም፣ በአንድ ሌሊት ሊጠገን የማይችል ጉዳት ይደርሳል፤ የተሰነጠቀ ክሪስታል ይለወጣል እንጂ አይጣፍምና። ሦስተኛው መጓጓዣ ነው። ክሪስታሉ ከወደብ እስከ ሆስፒታል ባለው መንገድ ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ቅዝቃዜ ይወጣል፤ በጉዞውም ይናወጣል።

አራተኛው የሰማይ ጨረር ነው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጋርደው አየር ስስ ነውና። መጠኑ ነዋሪውን የሚያሠጋ አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂት ጨረር ብቻ በሚቆጠርበት ልኬት ባለሙያው የሰማዩን ለይቶ መቀነስ ይኖርበታል።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ሲመረጥ የብርሃኑን ብዛትና ፍጥነቱን ብቻ መመልከት እንደማይበቃ ነው። እርጥበት የማይፈራና የሙቀት ለውጥ የሚችል ክሪስታል፣ በሌላ መመዘኛ ሁለተኛ ቢወጣም፣ በአንዳንድ ቦታ አንደኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ውሳኔ በዕውቀት የሚሰጡት የነገዎቹ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የግዥ ባለሙያዎች ዛሬ በበቆጂና በአሰላ ትምህርት ቤቶች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

7. በክፍል ውስጥ እንዴት ይቀርባል?

ይህን ርእስ ለማስተማር ጨረር አመንጪ ነገርም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጨረር አመንጪ ነገርን ወደ ክፍል ማምጣትም አይገባም። የሚከተሉት መልመጃዎች በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠሩ ይችላሉ።

ሀ) የጨውና የእርጥበት ሙከራ። በሰኔ መጀመሪያ በምጣድ ላይ በደንብ የደረቀ ጨው እኩል ተመዝኖ በሁለት ዕቃ ይቀመጣል። አንዱ በጥብቅ ይከደናል፤ ሌላው ክፍት ይተዋል። ከሳምንት በኋላ ሁለቱ እንደገና ይመዘናሉ። ተማሪዎች ሶዲየም አዮዳይድ ለምን በአሉሚኒየም ሣጥን እንደሚታሸግ ከሙከራው ይገነዘባሉ።

ለ) የሯጮች ሙከራ። ከላይ የተገለጸው ሩጫ በሜዳ ላይ ይደረጋል። ሰዓት ያዦቹ መነሻውን እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ። በስሌት የተገኘው ቦታ ከእውነተኛው ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ውይይት ይደረግበታል።

ሐ) የግማሽ ውፍረት ስሌት። የ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማን በግማሽ ለመቀነስ 2 ሴንቲ ሜትር ሶዲየም አዮዳይድ ወይም 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢ.ጂ.ኦ. ያስፈልጋል። ከ100 ጋማዎች 25 ብቻ እንዲያልፉ ከእያንዳንዱ ምን ያህል ውፍረት እንደሚያስፈልግ ተማሪዎች ያስሉ። መልሱ 4 ሴንቲ ሜትርና 1.4 ሴንቲ ሜትር ነው።

መ) የግማሽ ዕድሜ ስሌት። በፔት የሚዘወተረው ፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። መድኃኒቱ በአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ወደ በቆጂ ቢላክና ጉዞው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢፈጅ ስንት እጅ ይቀራል? ጉዞው ሁለት ግማሽ ዕድሜ ስለሆነ የሚቀረው ሩብ ብቻ ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነው ቴክኒሺየም ቢሆን ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይተርፋል። ተማሪዎች በዚህ አማካይነት የመንገድ ርዝመትና የአቶም ባሕርይ በአንድ ሕመምተኛ ምርመራ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ያያሉ።

ማጠቃለያ

ብልጭታ ሰጪ ክሪስታል ዐይን የማያየውን ጨረር ዐይን ወደሚያየው ብርሃን የሚመነዝር ቁስ ነው። ከካልሲየም ተንግስቴት ሰሌዳ እስከ ኤል.ኤስ.ኦ. ባለው ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ መሻሻል የሕመምተኛውን የጨረር መጠን ቀንሷል፤ የምርመራውን ጊዜ አሳጥሯል፤ ምስሉንም አጥርቷል። እያንዳንዱ ግን የራሱን ዋጋ አስከፍሏል፤ አንዱ ብርሃን ሲያንሰው ሌላው እርጥበት ይፈራል፤ ሦስተኛው በወጪ ይከብዳል።

ተማሪው ከዚህ ርእስ የሚያገኘው ዋና ትምህርትም ይኸው ነው። በሳይንስ «ምርጥ» የሚለው ቃል ሥራውና ቦታው ሳይነገር ትርጉም የለውም። ከበቆጂ ተነሥቶ 230 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ሕመምተኛ የሚፈልገው በዓለም አንደኛ የተባለውን ክሪስታል አይደለም። የሚፈልገው በደረሰበት ቀን ሳይሰነጠቅና ሳይደበዝዝ የሚሠራውን፣ ከሰውነቱ የወጣውንም ጨረር በታማኝነት የሚቆጥርለትን ነው። ይህን አመዛዝኖ የሚመርጥና መርጦም የሚጠብቅ ባለሙያ የማፍራቱ ሥራ የሚጀምረው ከሳይንስ መምህሩ ክፍል ነው።